ሰነድ አልባው አሮጌ ቶርኖ፦ በኪሎ ይሸጥ ወይስ በማሽንነቱ?

አሮጌ የቶርኖ ማሽን በገበያ ላይ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ጥራጊ ብረት ገዢው ሚዛን ላይ አስቀምጦ የሚሰጠው የኪሎ ዋጋ ነው። ሁለተኛው ማሽኑ ዘንግ እያስተካከለ፣ ቦኮላ እየቆረጠና ፊሌቶ እያወጣ በሚያስገባው ገቢ የሚሰላው ዋጋ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ሲሆን፣ ሻጩን ብዙ ጊዜ ወደ ዝቅተኛው የሚገፋው የማሽኑ መሰበር ሳይሆን የወረቀቱ መጥፋት ነው። ማኑዋል የለም፤ ፋብሪካው ተዘግቷል፤ መለዋወጫ የሚጠየቅበት አድራሻም አይገኝም። ገዢው ይፈራል፤ ደላላውም «ሰነድ የለውም» በማለት ዋጋውን ይሰብራል።

ይሁን እንጂ ቶርኖ ሰነዱን በራሱ ላይ ተሸክሞ የሚዞር ማሽን ነው። የጊሮቹ ጥርስ ይቆጠራል፤ የዘንጎቹ ውፍረት ይለካል፤ የፊሌቶው ርቀት ይሰላል። ከዚህም በላይ የጎደለውን ክፍል ሌላ ቶርኖ ሊሠራለት ይችላል፤ አንዳንዴም ራሱ ለራሱ ይሠራል። በመሆኑም ጥያቄው «ማኑዋል አለው ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «ተለክቶ የሚታወቀው ምን ያህሉ ነው? ተለክቶም የማይድነው የቱ ነው?» መሆን ይኖርበታል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ገዢ በጥራጊ ዋጋ ማሽን ያገኛል። የማያውቅ ደግሞ በማሽን ዋጋ ጥራጊ ይገዛል።

ማሽኑ የመጣበት መንገድ

በአገራችን ወርክሾፖች የሚነገረው ቋንቋ ራሱ የማሽኖቹን ታሪክ ይናገራል። ቶርኖ፣ ፍሬዛ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ቪቴ፣ ኩሽኔታ፣ ቦኮላ፣ ቺንጋ፣ ፑሌጃ የሚሉት ቃላት በሙሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ሙያውን ያስተማሩት መካኒኮችና አብረዋቸው የመጡት መሣሪያዎች ከየት እንደሆኑ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ የጅቡቲው ባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የባቡሩ ወርክሾፕ በድሬዳዋ ተቋቁሞ የብረት ማሽኖችን ወደ አገር ውስጥ አስገብቷል። በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮጵያ ከሶቪየት ኅብረትና ከምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ጋር የነበራት ግንኙነት በሌላ ሥርዓት የተሠሩ ማሽኖችን መንገድ ከፍቷል።

ይህ ታሪክ ለነጋዴው ተራ ወሬ አይደለም። አንድ ማሽን የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ሥራ ከሆነ ልኩ በኢንች ነው። የጣልያን፣ የፈረንሳይ፣ የጀርመን ወይም የሶቪየት ከሆነ ደግሞ በሚሊሜትር ነው። ቡሎኑን፣ ጊሩንና ፊሌቶውን በሙሉ የሚወስነው ይኸው ነው። አገሩን የለየ ሰው ግማሹን ማኑዋል እንዳገኘ ይቆጠራል።

አንዳንድ ማሽኖች ማንነታቸውን በቁጥራቸው ይናገራሉ። በሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በብዛት የተሠራው «1ኬ62» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሶቪየት አሰያየም የመጀመሪያው 1 ማሽኑ የቶርኖ ወገን መሆኑን፣ ቀጥሎ ያለው 6 ፊሌቶ የሚያወጣ ሁለገብ ቶርኖ መሆኑን፣ መጨረሻው 2 ደግሞ ከአልጋው እስከ መሐል ነጥቡ ያለው ከፍታ 200 ሚሊሜትር መሆኑን ያመለክታል። በመካከል ያለው ፊደል የዲዛይኑን ትውልድ ይለያል። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ የቀሩት አራት ምልክቶች ብቻ ማሽኑ ምን ያህል ወፍራም ሥራ እንደሚያነሳ ለገዢው ይነግሩታል ማለት ነው።

አምራቹ ሲጠፋ

ማሽን ከፋብሪካው ዕድሜ በላይ ይኖራል። በእንግሊዝ ጊልፎርድ ከተማ የነበረው ድራመንድ ብራዘርስ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለአነስተኛ ወርክሾፖች የሚሆኑ ቶርኖዎችን ይሠራ ነበር። «ኤም» በመባል የሚታወቀው ባለ 3 ከግማሽ ኢንች ማሽኑ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሥራው ወደ ማይፎርድ ኩባንያ ተዛወረ። በመሆኑም አንድ ዓይነት ማሽን በሁለት ስም ይገኛል። ማይፎርድም በተራው በኖቲንግሃም አጠገብ የነበረውን የቢስተን ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ2011 ዘግቶ ስሙ ለሌላ ድርጅት ተሸጧል። እንዲህ ያለ ማሽን የገዛ ሰው ለፋብሪካው ደብዳቤ ልጻፍ ቢል ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆንበታል።

ያም ሆኖ ወረቀት ፈጽሞ ጠፋ ማለት አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1906 የተመሠረተው ሳውዝ ቤንድ ኩባንያ ስለ ቶርኖ አሠራር ያሳተመው መጽሐፍ ለሌላ ፋብሪካ ማሽኖችም ያገለግላል፤ የማዕከላዊ ክፍሎቹ አሠራር ተመሳሳይ ነውና። የኩባንያው ተከታታይ ቁጥር በአልጋው ላይ፣ በቴልስቶኩ ጫፍ በኩል ተመትቶ ይገኛል። ብዙ ገዢዎች የቀለም ሰሌዳውን ብቻ አይተው ይሄዳሉ። ሰሌዳ ይነቀላል፤ ይለወጣልም። በብረት ላይ የተመታ ቁጥር ግን ከግራሶና ከቀለም በታች ይቆያል። በላምባ ማጠብና በባትሪ መብራት ከጎን ማየት በቂ ነው።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት

የሙያው ሰዎች የማሽኑን ክፍሎች በሦስት ይከፍሏቸዋል። እነዚህም በቀላሉ የሚሠሩ፣ በወጪ የሚሠሩና ማሽኑን ገድለው የሚሄዱ ናቸው።

በቀላሉ የሚሠሩት እጀታዎች፣ ቡሎኖች፣ ቦኮላዎች፣ የቢላ መያዣና መከለያዎች ናቸው። በእነዚህ መጉደል ዋጋ መቀነስ ይቻላል፤ ማሽኑን ጥሎ መሄድ ግን አያስፈልግም። በወጪ የሚሠሩት ጊሮች፣ ሊድስክሩ የሚባለው ረጅሙ ባለ ፊሌቶ ዘንግ፣ በእሱ ላይ የሚቆልፈው ግማሽ ዳዶና ቻኩ ናቸው። ገዳዮቹ ደግሞ የተሰነጠቀ የሄድስቶክ አካል፣ የተጣመመ ወይም የተበላ እስፒንድልና እጅግ ያለቀ አልጋ ናቸው።

የአልጋን ማለቅ ያለ ውድ መሣሪያ መገመት ይቻላል። ማሽኑ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚሠራው ቻኩ አጠገብ ስለሆነ አልጋው የሚበላው እዚያ ነው፤ ከቴልስቶኩ በኩል ያለው ጫፍ ግን ብዙም አይነካም። ካሪጁን ወደ ቻኩ አስጠግቶ ማስተካከያ ቪቴውን ጠበቅ ማድረግና ቀስ ብሎ ወደ ሌላኛው ጫፍ መግፋት ነው። እስከ መጨረሻው በእኩል ከሄደ መልካም ነው። ከመንገዱ ላይ ከተቀረቀረ በቻኩ በኩል ያለው ብረት ተበልቷል ማለት ነው፤ ቶሎ የተቀረቀረ ቶሎ ያለቀ ነው። ሊድስክሩውም በተመሳሳይ መንገድ ይታያል። በቻኩ በኩል ያለው የፊሌቶ ጫፍ እንደ ቢላ ሰልቶ በሌላው በኩል ያለው ወፍራም ከሆነ ብዙ ሠርቷል።

እስፒንድሉን ለማየት ኮምፓራቶር የሚባለው ባለ ሰዓት መለኪያ ያስፈልጋል። መለኪያውን እስፒንድሉ አፍንጫ ላይ አሳርፎ ማዞር መወላገዱን ያሳያል። ከዚያም በእንጨት ቀስ አድርጎ ከታች ወደ ላይ ማንሳት ኩሽኔታው ወይም ቦኮላው ምን ያህል እንደሰፋ ይነግራል። የመጀመሪያው ችግር የእስፒንድል ሊሆን ስለሚችል ከባድ ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ማስተካከያ ብቻ ይፈልጋል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ቶርኖው ሾጣጣ የሚያወጣው አልጋው አልቆ ሳይሆን ወለሉ ላይ ተጣሞ ስለተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ጊዛ ጠንካራ ቢመስልም በአራት እግር ላይ ያለ እኩልነት ሲቀመጥ ይጠመዘዛል። ሻጭ «አልቋል» ብሎ የተወው ማሽን በጥሩ ውሃ ልክ ተስተካክሎ ሲቀመጥ የሚድንበት ጊዜ አለ። ለገዢ ይህ ትልቅ ዕድል ሲሆን፣ ለሻጭ ደግሞ ከመሸጡ በፊት ሊሞክረው የሚገባ ርካሽ ጥገና ነው።

ሲፈታ

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው አባባል ለማሽን ፈቺ የተነገረ ይመስላል። ማኑዋል የሌለውን ማሽን የሚፈታ ሰው ማኑዋሉን እየጻፈ መፍታት አለበት። እያንዳንዱ ክፍል ሳይነካ ፎቶ ይነሳል፤ ከወጣም በኋላ በየራሱ ከረጢት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል። በተለይ ከኩሽኔታ ክዳን ሥር የሚገኙ ስስ የነሐስ ወይም የብረት ቅጠሎች እንደ ቆሻሻ እንዳይጣሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፋብሪካው የእስፒንድሉን ልቀት የወሰነው በእነሱ ውፍረት ስለሆነ ከየት ጎን ስንት እንደወጣ መመዝገብ አለበት።

ጉልበት ከመጨመር በፊት ሁለት ነገር ይጣራ። አንደኛው ዳዶው በግራ የሚፈታ እንደሆነ ነው፤ በአሮጌ ቶርኖ ላይ እንዲህ ዓይነት ዳዶ ብርቅ አይደለም። ሁለተኛው ፒኑ ሾጣጣ እንደሆነ ነው። ሾጣጣ ፒን ከሰፊው ጎን ከተመታ ይበልጥ ይጠብቃል፤ በመጨረሻም ዘንጉን ያጣምማል። ሁለቱንም ጫፎች በካሊፐር ለክቶ ከቀጭኑ በኩል መምታት ነው።

ለዝገት የሽቦ ብሩሽና ላምባ ብዙውን ሥራ ይሠራሉ። የተጣበቁ ትንንሽ ክፍሎችን በውሃ በሟሟ ሶዳና በባትሪ ቻርጀር ማጽዳትም ይቻላል። በዚህ ጊዜ ክፍሉ ከኔጌቲቩ፣ ተራ የብረት ቁራጭ ደግሞ ከፖዘቲቩ ጋር ይያያዛል። በፖዘቲቩ በኩል የማይዝግ ብረት መጠቀም መርዛማ የክሮም ዝቃጭ ስለሚፈጥር ክልክል ነው፤ ሥራውም አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን። አሮጌ የማሽን ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈጉ ለሠራተኛው ጤና አደገኛ ነው።

የአልጋው ተንሸራታች ገጽ ግን በግራይንደር ወይም በብርጭቆ ወረቀት መነካት የለበትም። እንዲያብረቀርቅ ተብሎ የተፈገፈገ አልጋ ለዓይን ቢያምርም ቀጥነቱን ያጣል። አዲስ ቀለም የተቀባና አልጋው እንደ መስተዋት የሚያበራ አሮጌ ቶርኖ ያገኘ ገዢ ከመደሰቱ በፊት ጥርጣሬ ቢያድርበት ይሻላል።

ሰነዱን ከብረቱ ማንበብ

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት የሊድስክሩው ፊሌቶ ርቀት ነው። እዚህ ላይ ስህተቱ ቀላል፣ ኪሣራው ግን ከባድ ነው። በአንድ ኢንች 4 ፊሌቶ ያለው ዘንግ ርቀቱ 6.35 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የሚሊሜትሩ ማሽን ደግሞ 6 ሊሆን ይችላል። አንዱን ርቀት ብቻ የለካ ሰው ሊሳሳት ይችላል። አሥር ርቀት አንድ ላይ ከተለካ ግን አንደኛው 63.5፣ ሌላኛው 60 ሚሊሜትር ስለሚሰጥ ጥርጣሬ አይኖርም። መለካት ያለበትም ባልተበላው ጫፍ ነው።

ቀጥሎ ጊሮቹ ናቸው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የጥርሱ ብዛት ላይ 2 ይደመርና የጊሩ የውጭ ስፋት በድምሩ ይካፈላል። 40 ጥርስ ያለው ጊር ስፋቱ 84 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 84 ለ42 ሲካፈል 2 ይሰጣል፤ ጊሩ ሞዱል 2 ነው ማለት ነው። ያው 40 ጥርስ ያለው ጊር 76.2 ሚሊሜትር ከሆነ ግን ውጤቱ 1.814 ይሆናል። ይህ የታወቀ የሞዱል ቁጥር አይደለም። 25.4 ለዚሁ ቁጥር ሲካፈል ልክ 14 ስለሚመጣ ጊሩ የኢንች ሥርዓት ነው። ፍሬዛ ቤት ሄዶ «ለ1.814 የሚቀርበው 1.75 ነው» ተብሎ የተቆረጠለት ሰው የሚጮህና ቶሎ የሚሰበር ጊር ይዞ ይመለሳል። ከዚህም ሌላ በድሮ ማሽኖች የጥርሱ ማዕዘን ብዙ ጊዜ 14 ከግማሽ ዲግሪ ሲሆን የዛሬው የተለመደው 20 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ለፍሬዛ ባለሙያው ሦስት ነገር መነገር አለበት፦ የጥርስ ብዛት፣ መጠንና ማዕዘን። ከተቻለ ያልተሰበረ ጓደኛውን ይዞ መሄድ ይመረጣል።

ሦስተኛው የጠፋውን የፊሌቶ ሰንጠረዥ እንደገና መጻፍ ነው። ሊድስክሩው በኢንች 8 ፊሌቶ ያለው ከሆነና በኢንች 16 ማውጣት ከተፈለገ፣ ሊድስክሩው በእስፒንድሉ ግማሽ ፍጥነት መዞር አለበት፤ 20 ጥርስ ነጂ፣ 40 ጥርስ ተነጂ ይሆናል። በዚሁ የኢንች ማሽን 1.5 ሚሊሜትር ፊሌቶ ማውጣት ቢፈለግ ደግሞ 60 ጥርስ ነጂ፣ 127 ጥርስ ተነጂ ያስፈልጋል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ይህም 127 ለ5 በመሆኑ፣ የኢንችን ማሽን ወደ ሚሊሜትር በትክክል የሚያሸጋግረው ባለ 127 ጥርሱ ጊር ነው። በአሮጌ ማሽን ሣጥን ውስጥ ይህን ጊር ማግኘት ትልቅ ሲሳይ ነው። ቁጥሩን የማያውቅ ሻጭ ከጥራጊው ጋር ይጥለዋል።

ከጠፋም መውጫ አለ። 63 እና 30 ጥርስ ነጂ፣ 80 እና 50 ጥርስ ተነጂ ተደርገው ቢጣመሩ ለ1.5 ሚሊሜትር የሚሰጡት ስህተት በአንድ ሜትር ርዝመት 0.125 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ለተራ ቡሎንና ዳዶ ይህ ምንም አይደለም። በዛሬው ገበያ አብዛኛው ቡሎን የሚሊሜትር በመሆኑ፣ ይህን ስሌት አውቆ ሰንጠረዡን ጽፎ ማሽኑ ላይ የለጠፈ ሻጭ «የኢንች ነው፤ አይሠራም» የሚለውን የገዢ ሰበብ ያሳጣል።

አራተኛው የእስፒንድሉ አፍንጫ ነው። ቻክ የሚታሰረው በፊሌቶ ከሆነ ስፋቱ፣ ርቀቱና ማዕዘኑ ይለካል። የእንግሊዙ ዊትወርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ያቀረበው ፊሌቶ 55 ዲግሪ ሲሆን የሚሊሜትሩ 60 ዲግሪ ነው። የውስጡ ሾጣጣ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ሞርስ የሚባለው ዓይነት ነው። የሰፊው ጫፍ መለኪያ 17.78 ሚሊሜትር ከሆነ ቁጥር 2፣ 23.825 ከሆነ ቁጥር 3፣ 31.267 ከሆነ ቁጥር 4 ነው። ይህን በወረቀት ይዞ የሄደ ሰው ቻክና መሐል ነጥብ ሲገዛ አይታለልም።

ነጭ ብረት፣ ነሐስና ዘይት

የዛሬ ቶርኖዎች እስፒንድል በጥይትና በሮለር ኩሽኔታ ላይ ይዞራል። ብዙዎቹ አሮጌዎች ግን በነሐስ ቦኮላ ወይም ባቢት በሚባለው ነጭ ብረት ላይ ይዞራሉ። አይዛክ ባቢት እ.ኤ.አ. በ1839 በስሙ ያስመዘገበው ይህ ቅይጥ በዋናነት ቆርቆሮ፣ አንቲሞኒና መዳብ ነው። ለስላሳ በመሆኑ እስፒንድሉን ከመብላት ይልቅ ራሱ ይበላል። አልቆ ቢገኝ እስፒንድሉን መሐል አስይዞ አዲስ ባቢት ማፍሰስና መፋቅ ይቻላል። እንዲህ ያለውን ማሽን አውጥቶ በሮለር ኩሽኔታ ልተካ የሚል ሰው ሄድስቶኩን ማስፋት ስለሚኖርበት ብዙ ጊዜ ከትርፉ ኪሣራው ይበልጣል።

በሌላ በኩል ገዢው የማሽኑን ዓቅም ማወቅ አለበት። በቦኮላ የሚዞር አሮጌ እስፒንድል ለከፍተኛ ፍጥነት አልተሠራም፤ በመሆኑም የካርባይድ ቢላ ሙሉ ጥቅሙን አይሰጥበትም። የብረት ቢላ እየተሳለ በዝግታ የሚሠራበት ማሽን ነው። ብዛት ያለው ተመሳሳይ ዕቃ ለማምረት ያሰበ ባለሀብት ሌላ ይፈልግ። የወፍጮ ዘንግ፣ የመኪና ክፍልና የተበላ ቦኮላ ለሚጠግን ወርክሾፕ ግን ይኸው በቂ ነው።

ሞተርና መብራት

በመብራት በኩል ሁለት ወጥመድ አለ። የአሜሪካ ሞተሮች ለ60 ኸርዝ የተሠሩ ሲሆን የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። በደቂቃ 1,750 ጊዜ የሚዞር ተብሎ የተጻፈበት ሞተር እዚህ ወደ 1,450 ገደማ ይወርዳል፤ ቮልቴጁ ካልተስተካከለለትም ይግላል። ሁለተኛው ወጥመድ የሦስት ፌዝ ጉዳይ ነው። ወርክሾፑ ሦስት ፌዝ ከሌለው የሞተሩ ቅያሪ ወይም ፍጥነት መቆጣጠሪያው በግዢው ሂሳብ ውስጥ ይግባ። ሞተር ግን በማንኛውም ጊዜ የሚቀየር ዕቃ ነው። በተቃጠለ ሞተር ምክንያት ርካሽ የሆነ ቶርኖ ብዙ ጊዜ ጥሩ ግዢ ነው።

የድሮዎቹ ቺንጋና ጊሮች ክፍት እንደነበሩም መዘንጋት አይገባም። መከለያ ሳይሠራለት ሥራ የጀመረ ማሽን እጅ ይቆርጣል። በፊሌቶ የሚታሰር ቻክ ያለው ማሽንም በኋልዮሽ በኃይል ቢሽከረከር ቻኩ ተፈትቶ ሊወረወር ይችላል። እነዚህ ሁለቱ የሚያስከትሉት የካሳ ወጪ ከማሽኑ ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

የመጨረሻው ምስክር

ማሽኑ ከተጠገነ በኋላ ምስክሩ ቀለሙ ሳይሆን የሚያወጣው ሥራ ነው። ጀርመናዊው ኢንጂነር ጆርጅ ሽሌዚንገር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የማሽኖችን ትክክለኛነት የሚፈትሹበትን ሥርዓት በመጽሐፍ ካወጡ ወዲህ ማሽንን በፍተሻ ወረቀት መቀበል የተለመደ ሆኗል። ለገዢ የሚበቃው ቀላል ሙከራ ግን ይህ ነው፦ አጭር ወፍራም ብረት በቻክ ብቻ ነክሶ፣ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ቀለበት ትቶ፣ በአንድ ቢላ ቅንብር ሁለቱንም በስሱ ማላጨትና በማይክሮሜትር መለካት ነው።

የልዩነቱ ትርጉም በሥራ ይታያል። ለ40 ሚሊሜትር ዘንግ የተለመደው የኩሽኔታ መቀመጫ ልክ ከ2 እስከ 18 ማይክሮን ብቻ ከፍ እንዲል ይፈቅዳል፤ ጠቅላላ ስፋቱ 16 ማይክሮን ነው። በጫፎቹ መካከል 50 ማይክሮን የሚያበላልጥ ማሽን የኩሽኔታ መቀመጫ ሊቆርጥ አይችልም ማለት ነው። ሠራተኛው በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት እየጨረሰ ሊያስተካክለው ይሞክር ይሆናል፤ ደንበኛው ግን በየወሩ ይመለስበታል። እንዲህ ያለው ማሽን ጭራሽ አይጠቅምም አይባልም፤ ፑሌጃና ቡሎን ይሠራል። ዋጋው ግን በሚሠራው ልክ መሆን አለበት።

ሂሳቡ

ገዢው ሦስት ወጪዎችን ለየብቻ ጽፎ ይደምር። የመጀመሪያው የማሽኑ ዋጋ፣ የደላላ ኮሚሽን፣ ክሬንና ማጓጓዣ ነው። መካከለኛ ቶርኖ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን በመሆኑ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቀላል አይደሉም። ሁለተኛው የጊር፣ የቦኮላ፣ የሞተርና የቻክ ወጪ ነው። ሦስተኛውና ብዙዎች የሚረሱት ማሽኑ ተፈቶ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው፤ የቤት ኪራይ ይከፈላል፣ ገቢ ግን የለም። ማኑዋል የሌለው ማሽን ከሁሉ በላይ የሚያስከፍለው ይህንኑ ጊዜ ነው። በመሆኑም ከመግዛቱ በፊት ሊድስክሩውን፣ አንድ ጊርና የእስፒንድሉን አፍንጫ ለክቶ የሄደ ገዢ የወራት መቆም ሊቀርለት ይችላል።

ሻጩም ከዚህ የሚያተርፈው አለ። የተጠገነ ማሽን ከነፎቶው፣ ከጊሮቹ ዝርዝር፣ ከፊሌቶ ሰንጠረዡ፣ ዘይት ከሚጨመርበት ቦታ ሥዕልና ከሙከራ ውጤቱ ጋር በአንድ ዶሴ ቢቀርብ ሰነድ አልባ መሆኑ ያበቃል። ዶሴውን ያዘጋጀው ፋብሪካ ሳይሆን ጠጋኙ ቢሆንም፣ ገዢ የሚፈልገው የፋብሪካ ማህተም ሳይሆን ነገ ጊር ቢሰበር ምን ብሎ እንደሚያዝ ማወቅ ነው። ደላላም ቢሆን «ሰነድ የለውም» እያለ ዋጋ ከሚሰብር ይልቅ እነዚህን መለኪያዎች ይዞ ቢያቀርብ ኮሚሽኑ የሚታሰበው በኪሎ ዋጋ ላይ ሳይሆን በማሽኑ ዋጋ ላይ ይሆናል።

አልጋው የተሰበረ፣ እስፒንድሉ የተጣመመ ወይም ሄድስቶኩ የተሰነጠቀ ማሽን ግን ምን ያህል ብርቅ ቢሆን፣ ስሙም ምን ያህል ቢጠራ፣ ቦታው ሚዛኑ ላይ ነው። ከእሱም ቢሆን ጊሮቹን፣ ቻኩንና ቴልስቶኩን አስቀድሞ ማውጣት ያዋጣል፤ ሌላ ተመሳሳይ ማሽን ያለው ሰው እነሱን በኪሎ ሳይሆን በፍሬ ይገዛቸዋል።